ከአፕዴት በኋላ የጠፋው የታች ባር

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ አነስተኛ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ያላት አንዲት እህት ጥያቄ ልካለች። ትንሽ አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«4 ኮምፒውተር አለኝ። ሁሉም ላይ ያለው በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ኡቡንቱ ነው። ልጆቹ ዊንዶውስ የለመዱ ስለሆኑ ዳሽ ቱ ፓኔል የሚባለውን ኤክስቴንሽን ጭኜ ባሩን ወደ ታች አውርጄላቸው ነበር። ሌሎች ኤክስቴንሽኖችም አሉ፤ በጠቅላላው ወደ 10 ይሆናሉ። ባለፈው ሳምንት ሁለቱን ማሽኖች ከኡቡንቱ 22.04 ወደ 24.04 አሳደግኳቸው። ሲነሱ ያስተካከልኩት ሁሉ የለም። ባሩ ግራ ጎን ላይ ሄዷል። ልጆቹ ግራ ተጋብተዋል፣ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል። ያበላሸሁት እኔ ነኝ? ወደ ዊንዶውስ ልመለስ? ከቻልክ ደግሞ የኢትዮጵያን ቀን ሰዓቱ አጠገብ እንዴት እንደማወጣ ንገረኝ። ደብዳቤ በጻፍን ቁጥር ስልክ እያየን ነው።»

እህቴ፣ መጀመሪያ ልብሽ ይረፍ። ያበላሸሽው ነገር የለም። የደንበኞችሽ ፋይሎችም ባሉበት አሉ። የተለወጠው የዴስክቶፑ መልክ ብቻ ነው። እኔም እዚሁ ሐዋሳ ኮምፒውተር እየጠገንኩ ነው የምኖረው። ልጆች ደንበኛ ፊት ሆነው አንድ ቁልፍ ፍለጋ ስክሪኑን ሲያስሱ ምን ያህል እንደሚጨንቅ በደንብ አውቃለሁ። ስለዚህ የሆነውን ነገር ከሥሩ ላስረዳሽ፤ ያኔ መፍትሔውን ራስሽ ትመርጫለሽ።

ኡቡንቱ ላይ የምታዪው ዴስክቶፕ ኖም ይባላል። የላይኛውን ባር፣ የፕሮግራሞቹን ዝርዝር፣ የመስኮቶቹን አቀማመጥ የሚያስተዳድረው ኖም ሼል የሚባል ፕሮግራም ነው። ከፊሉ ሲ በሚባለው፣ ከፊሉ ጃቫስክሪፕት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ተጽፏል። ኤክስቴንሽን ደግሞ እንደ ፋየርፎክስ ወይም እንደ ሊብሬኦፊስ ለብቻው የሚሮጥ ፕሮግራም አይደለም። ሼሉ ውስጥ ይገባል፣ ከሼሉ ኮድ ጋር ተደባልቆ ይሠራል፣ ሲያስፈልገውም የሼሉን ሥራ በራሱ ይተካል። ዳሽ ቱ ፓኔል የላይኛውን ባር ከፕሮግራሞቹ ዝርዝር ጋር አዋሕዶ ታች ማድረግ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉልበቱ ይህ ነው፤ ድካሙም ይኸው ነው። በተከራየሽው ሱቅ ግድግዳ ላይ መደርደሪያ እንደ መምታት ቁጠሪው። አከራዩ ግድግዳውን አፍርሶ ሲያድሰው መደርደሪያው አብሮ ይወርዳል። የኖም ሰዎች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ፣ አዲስ ስሪት ያወጣሉ። በየጊዜው የውስጡን ኮድ ይነካካሉ። የኤክስቴንሽኑ ጸሐፊ ደግሞ ከኋላ እየተከተለ የራሱን ማስተካከል አለበት። ጊዜ ካጣ ወይም ሥራውን ከተወው ኤክስቴንሽኑ እዚያው ይቀራል።

አንቺ ላይ የደረሰው ግን ከተለመደውም ከበድ ያለ ነው። 22.04 ላይ ያለው ኖም 42 ነው። 24.04 ላይ ያለው ኖም 46 ነው። በመካከላቸው አንድ ትልቅ ግንብ አለ፤ እሱም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 የወጣው ኖም 45 ነው። እዚያ ላይ የጃቫስክሪፕቱ ፋይሎች እርስ በርስ የሚጠራሩበት መንገድ ከሥሩ ተቀየረ። ለ44 እና ከዚያ በፊት የተጻፈ ኤክስቴንሽን በ45 ላይ በፍጹም አይነሳም። ለ45 ተስተካክሎ የተጻፈውም ወደ ኋላ ተመልሶ 44 ላይ አይሠራም። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ የኤክስቴንሽን ጸሐፊ ኮዱን መንካት ነበረበት። አንቺ በአንድ ጊዜ ከ42 ወደ 46 ስትዘዪ ያንን ግንብ ተሻግረሻል። ኤክስቴንሽኖችሽ ግን ማዶ ቀሩ።

ይህን በዓይንሽ ማየት ትችያለሽ። ፋይሎች የሚለውን ፕሮግራም ክፈቺና ኮንትሮል እና ኤችን አብረሽ ተጫኚ። የተደበቁ ፎልደሮች ይወጣሉ። ነጥብ ሎካል፣ ከዚያ ሼር፣ ከዚያ ኖም ሼል፣ ከዚያ ኤክስቴንሽንስ ብለሽ ግቢ። ራስሽ የጫንሻቸው ሁሉ እዚያ በየፎልደራቸው ተቀምጠዋል። በእያንዳንዱ ውስጥ ሜታዳታ የሚባል ትንሽ ፋይል አለ። ስትከፍቺው ኤክስቴንሽኑ የሚደግፋቸው የሼል ስሪቶች በቁጥር ተዘርዝረው ታገኛለሽ። 46 ከሌለበት ሼሉ አይጭነውም። አንዳንድ ሰው ቁጥሩን በእጁ ጽፎ ሊያታልለው ይሞክራል። አንቺ ግን አታድርጊው፣ በተለይ ግንቡን ለመሻገር። ኮዱ ስላልተቀየረ የምታተርፊው ስህተት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥገናው እንግባ።

አፕ ሴንተርን ክፈቺና ኤክስቴንሽን ማኔጀር ብለሽ ፈልጊ። ኡቡንቱ ፕሮግራሞችን በሁለት ዓይነት አሽጎ ያቀርባል፤ ስናፕና ዴቢያን ፓኬጅ ይባላሉ። 24.04 ላይ አፕ ሴንተር ቀድሞ የሚያሳይሽ ስናፕ ፓኬጆችን ስለሆነ ማጣሪያውን ወደ ዴቢያን ፓኬጅ ካልቀየርሽው ላይወጣልሽ ይችላል። ብዙ ሰው «የለም» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ከጫንሽው በኋላ ክፈቺውና ከሁሉ በፊት ኤክስቴንሽኖችን በጠቅላላ የሚያበራውንና የሚያጠፋውን ዋና ማብሪያ ተመልከቺ። ሼሉ ገና ሲነሳ ከወደቀ ሲስተሙ ራሱን ለማዳን ኤክስቴንሽኖችን በሙሉ የሚያጠፋበት መከላከያ አለው። ከትልቅ አፕዴት በኋላ ይህ ይከሰታል። ማብሪያው ጠፍቶ ከሆነ ደህና የሆኑትም አብረው ስለሚተኙ ሰው ሁሉም የተበላሸ ይመስለዋል።

ዝርዝሩ በሁለት የተከፈለ ነው። አንዱ ወገን አንቺ የጫንሻቸው ናቸው። ሌላው ከሲስተሙ ጋር የመጡ ናቸው፦ ኡቡንቱ ዶክ፣ የዴስክቶፕ አይከኖች፣ አፕኢንዲኬተርና የመሳሰሉት። ስለዚህ 10 ካልሻቸው ውስጥ የተወሰኑት መጀመሪያም የኡቡንቱ የራሱ ሊሆኑ ይችላሉ። እነዚያን አትንኪያቸው። ከራስሽዎቹ ውስጥ ጊዜው ያለፈበት ተብሎ ምልክት የተደረገበትን አጥፍተሽ እዚያው መፈለጊያው ላይ እንደ አዲስ ጫኚው። ዳሽ ቱ ፓኔል ለ46 የሚሆን ስሪት አለው። ከዚያ ከአካውንትሽ ወጥተሽ እንደገና ግቢ። 24.04 በአብዛኛው ማሽን ላይ የሚነሳው ዌይላንድ በሚባለው የስክሪን ማሳያ ሥርዓት ስለሆነ ሼሉን ብቻ እንደገና ማስነሳት አይቻልም።

ይህን ካደረግሽ የድሮው ባር ይመለሳል። እኔን ብትሰሚኝ ግን ባሩን በዳሽ ቱ ፓኔል አትመልሺው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ያለ እሱ ሱቅሽ የማይሠራበትን ነገር በአንድ በጎ ፈቃደኛ ትርፍ ሰዓት ላይ መጣል ልክ አይደለም። የዳሽ ቱ ፓኔል ሰዎች ጥሩ ሥራ ሠርተዋል፤ ለዓመታት ተጠቅሜበታለሁ፣ አመሰግናቸዋለሁም። ነገር ግን ቀድሞ ግራ ጎን የወጣብሽ ባር፣ ኡቡንቱ ዶክ፣ ራሱ ኤክስቴንሽን ነው። ዳሽ ቱ ዶክ ከሚባለው ተገንጥሎ የተዘጋጀ ነው። ልዩነቱ እሱን ከእያንዳንዱ ስሪት ጋር አስተካክለው የሚያወጡት የኡቡንቱ ሰዎች መሆናቸው ነው። ስታሳድጊ አብሮሽ ይሻገራል። ልጆችሽ የሚፈልጉትን አብዛኛውን ነገር ደግሞ ይሠራል።

ሴቲንግ ክፈቺና ኡቡንቱ ዴስክቶፕ የሚለውን ምረጪ። ዶክ የሚለው ክፍል ውስጥ አቀማመጡን ወደ ታች ቀይሪው። ፓኔል ሞድ የሚለውን አብሪ፤ ባሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘረጋል። በራሱ እንዲደበቅ የሚያደርገውን አጥፊ። የአይከኖቹን መጠን ትንሽ ቀንሺ። 2 ደቂቃ አይፈጅም፤ ምንም ዳውንሎድ የለውም፤ ከፓኬጅሽ አንድ ሜጋም አይቆጠርም። እዚያው የተሰኩ ዲስኮችን የማሳየት ምርጫ አለ። አብሪው። ደንበኛ ፍላሽ ሲሰካ ባሩ ላይ ይወጣል፣ ሲጨርስም እዚያው በቀኝ ክሊክ ይነቀላል። ለኮፒ ቤት ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ነገር ያለ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ብቻ ይጎድላል። ዊንዶውስ የለመደ ሰው ባሩ ላይ ያለውን አይከን ሲነካ መስኮቱ ይከፈታል፤ መልሶ ሲነካው ዝቅ ይላል። ኡቡንቱ ዶክ እንደመጣ ይህን አያደርግም። ልጆቹን በጣም የሚያናድዳቸው ይህ እንደሆነ እገምታለሁ፤ እኔ ካየኋቸው ሱቆች አብዛኞቹ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ነው። ምርጫው አለ፣ ግን ሴቲንግ ላይ አልወጣም። ዲኮንፍ ኤዲተር የሚባለውን ፕሮግራም ጫኚ። ኦርግ፣ ኖም፣ ሼል፣ ኤክስቴንሽንስ፣ ዳሽ ቱ ዶክ እያልሽ ውረጂ። ክሊክ አክሽን የሚለውን ታገኛለሽ። ነባሩን ተጠቀም የሚለውን አጥፊና ሚኒማይዝ የሚለውን ምረጪ። ወዲያው ይሠራል። እዚያ ውስጥ ሌላ ብዙ ነገር ታያለሽ፤ የማታውቂውን ለጊዜው ተዪው።

ሰዓቱና የቋንቋው ምልክት ከላይ እንደተቀመጡ ይቀራሉ። በዳሽ ቱ ፓኔል ጊዜ እነሱም ታች ነበሩ። ልጆቹ በአማርኛና በእንግሊዝኛ መካከል ሲቀያየሩ አሁን ዓይናቸውን ወደ ላይ ማድረግ አለባቸው። ሱፐርና ስፔስን መጫን ከለመዱ በ2 ቀን ይረሱታል።

ስለ ሌሎቹ ኤክስቴንሽኖች ስማቸውን አልነገርሽኝም። ግን ከመካከላቸው ኮፒ የተደረገውን ሁሉ የሚያስቀምጥ ክሊፕቦርድ ካለ ዛሬውኑ አጥፊው። የምሬን ነው። ያንቺ ማሽን የአንቺ ብቻ አይደለም። ሰው መጥቶ የፋይዳ ቁጥሩን ይጽፋል፣ የኢሜይል ፓስወርዱን ኮፒ ያደርጋል፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይልካል። ያ ሁሉ ዝርዝሩ ውስጥ ይከማቻል። ቀጥሎ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። ለራስሽ ላፕቶፕ ግሩም ነው፤ ለሕዝብ ማሽን ግን አይሆንም።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። ኤክስቴንሽን ሼሉ ውስጥ ስለሚገባ አንቺ የምታዪውን ሁሉ ማየት ይችላል። የሚከለክለው አጥር የለም። የኖም የኤክስቴንሽን ድረ ገጽ ላይ የሚወጣው ኮድ ከመለጠፉ በፊት በሰው ይገመገማል። ኤክስቴንሽን ማኔጀርም የሚያወርደው ከዚያው ነው። ቴሌግራም ላይ በዚፕ የሚላክ ኤክስቴንሽንን ግን ማን እንዳየው አይታወቅም። አትጫኚ።

ጥቂት ያዢ። እኔ ሱቅ ውስጥ ለሚሠራ ማሽን ከ2 በላይ አልጭንም። የምጭነውም ነገ ጠዋት ባይነሳ ሥራ የማያቆመውን ነው። እያንዳንዱ ብቻውን ደህና ሆኖ ሳለ ሁለቱ አንድ ቦታ ሲነኩ የሚጣሉበት ጊዜም አለ። 10 ኤክስቴንሽን ተጭኖ አንድ ነገር ሲበላሽ ጥፋተኛውን መፈለግ ግማሽ ቀን ይበላል። ለፍለጋው ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፦ ሁሉንም አጥፍቶ አንድ በአንድ እያበሩ ማየት።

ምናልባት አንድ ቀን ስክሪኑ ጭራሽ አልነሳ ካለሽ አትደንግጪ። መግቢያው ላይ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ 3ን አብረሽ ተጫኚ። ጥቁር የጽሑፍ ስክሪን ይመጣል። በስምና በፓስወርድሽ ግቢ። ከዚያ ቅድም ያሳየሁሽን የኤክስቴንሽንስ ፎልደር ስም በሚቀይረው በኤምቪ (mv) ትእዛዝ ሌላ ስም ስጪው። ሼሉ ሲፈልገው ያጣዋል፣ ያለ እሱም ይነሳል። ማሽኑን እንደገና አስነሺ። ምንም አልጠፋም፤ ፎልደሩ በአዲሱ ስሙ እዚያው አለ።

ገና 22.04 ላይ ያሉትን 2 ማሽኖች ለጊዜው እንዳሉ ተያቸው። ኡቡንቱ 22.04 የ5 ዓመት ድጋፍ አለው፤ እስከ 2027 ይሄዳል። 24.04 እስከ 2029 ነው። የሚያስቸኩል ነገር የለም። ልጆቹ በአዲሱ አቀማመጥ ከለመዱ በኋላ እነሱንም በዚያው በኡቡንቱ ዶክ አስተካክያቸው። ያኔ ስታሳድጊያቸው የሚጠፋ ነገር አይኖርም። ዳግመኛ ትልቅ አፕዴት ከማድረግሽ በፊት ኤክስቴንሽን ማኔጀር ውስጥ ያለውን የማሳደጊያ ረዳት ክፈቺ። ልትሄጂበት ያሰብሽውን የኖም ስሪት ስትነግሪው ከጫንሻቸው መካከል የቱ እንደሚሻገር፣ የቱ እንደሚቀር ያሳይሻል። ቅዳሜ ማታ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ፣ አንድ ማሽን ላይ ብቻ ጀምሪ። ላፕቶፕ ካልሆነ መብራቱንም አስቢበት፤ አፕዴት መካከል ላይ መብራት ሲሄድ የሚመጣው ጣጣ ከኤክስቴንሽን እጅግ የከፋ ነው።

ዊንዶውስ ልመለስ ወይ ላልሽው፣ ለዚህ ብለሽ አትመለሺ። ልጆቹ የሚፈልጉት የዊንዶውስን ዓይነት ባርና ሜኑ ብቻ ከሆነ፣ ማሽኖቹም አሮጌ ከሆኑና 4 ጊጋ ራም ብቻ ካላቸው፣ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሲስተም፣ ሲናሞን ከሚባለው ዴስክቶፑ ጋር እይው። ሲናሞን ራሱ ከኖም ሼል ተገንጥሎ የወጣ ነው። ባሩ ታች፣ ሜኑው ግራ ጥግ ነው፤ ሲፈጠርም እንደዚያ ነው። ኤክስቴንሽን ሳይነካ ይሠራል። ሚንት 22 የተሠራው 24.04 ላይ ስለሆነ ፕሪንተርሽና ስካነርሽ ኡቡንቱ ላይ ከሠሩ እዚያም ይሠራሉ ብሎ መጠበቅ ይቻላል። ኡቡንቱውን ከለመዳችሁት ግን ለአንድ ባር ሲባል 4 ማሽን ማፍረስ አያስፈልግም።

የመጨረሻው የቀኑ ጉዳይ ነው። ይህን ጥያቄ ወደድኩት።

መጀመሪያ ኤክስቴንሽን ማኔጀር ላይ ኢትዮጵያን ብለሽ ፈልጊ። 46ን የሚደግፍ ካገኘሽ ተገላገልሽ። ካላገኘሽ ትንሽ ኮድ የሚሞክር ወጣት አታጪም፤ ዩኒቨርሲቲው ቅርብሽ ነው። ሥራው የአንድ ከሰዓት ነው። ተርሚናል ላይ የኖም ኤክስቴንሽንስ ትእዛዝ ክሪኤት ከኢንተራክቲቭ ምርጫ ጋር ሲባል ስም እየጠየቀ ባዶ ፋይሎቹን ያዘጋጃል። ኢንዲኬተር የሚለውን ናሙና ከመረጠ ላይኛው ባር ላይ የሚቀመጥ ነገር ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። አይከኑን በጽሑፍ መተካት፣ ጽሑፉንም በየደቂቃው ማደስ ነው የሚቀረው።

ቀኑን በመቀነስ እንዳያሰላ ንገሪው። ብዙ ሰው 7 ዓመት ከ8 ወር ብሎ ይጀምርና መስከረም ላይ ይሳሳታል። መስከረም 1 ብዙ ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግሥት ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል፤ በ2016 መግቢያ የሆነው ያ ነው። ጃቫስክሪፕት የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር በራሱ ያውቃል። የቀን ማሳያው ላይ ቋንቋውን አማርኛ፣ ካላንደሩን ኢትዮፒክ ካሉት የወሩን ስም ጭምር በአማርኛ ጽፎ ይሰጣል። በእኛ አቆጣጠር ሰዓት ማሳየት ከፈለጋችሁ 6 ሰዓት መቀነስ ነው፤ ሥራው ያለው ቀኑ ላይ ነው።

ሁለተኛው ማሳሰቢያ እኔ ራሴ ላይ የደረሰ ነው። እያንዳንዱ ኤክስቴንሽን ሲበራ የሚሠራና ሲጠፋ የሚሠራ ሁለት ክፍል አለው። ለራሴ ቀን ማሳያ ስጽፍ የሚያበራውን በጥንቃቄ ሠራሁ፤ የሚያጠፋውን ባዶ ተውኩት። ማን ያጠፋዋል ብዬ ነበር። ስክሪኑ ተቆልፎ በተከፈተ ቁጥር ባሩ ላይ ሌላ የቀን ጽሑፍ ይጨመር ጀመር። እስከ ማታ 5 የቀን ጽሑፍ ተሰልፎ ነበር። ኖም ስክሪን ሲቆለፍ ኤክስቴንሽኖችን ያጠፋል፣ ሲከፈት መልሶ ያበራል። ስለዚህ የሚያጠፋው ክፍል ጽሑፉንም በየደቂቃው የሚያድሰውን ቆጣሪም ማንሳት አለበት። ቆጣሪው ከቀረ ዓይን ላይ ባይታይም ከጀርባ እየሮጠ ማሽኑን ያደክመዋል።

ወጣቱ ሲጨርስ ስክሪኑን 3 ጊዜ ቆልፈሽ ክፈቺ። አንድ የቀን ጽሑፍ ብቻ ከታየሽ 24.04 ባሉት ማሽኖች ላይ አድርጊው። ሌሎቹ 2 ከግንቡ ወዲህ ስለሆኑ እስክታሳድጊያቸው ድረስ አይቀበሉትም።